ጥቁር ጭስ ሲያጨስ፦ ሳንለካ መለዋወጫ መግዛት ይብቃን



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ጽዳት፣ ስለ ውሃ ወረፋ፣ ስለ ለቅሶና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና እንጽፋለን። «መኪና የሌለኝ ሰው ምን አገባኝ?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው ቢያነብልን ነገሩ እሱንም እንደሚነካው ይረዳል ብለን እናምናለን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከማኅበራችን አባላት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች አንዲት ኮሮላ አለችው። ከቡልቡላ ወደ ዝዋይና ወደ አርሲ ነገሌ እየተመላለሰ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በእሷ ነው። ይህ ብቻም አይደለም፤ በሠፈራችን ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ወይም ትኩሳት የጣለው ሕፃን ሲኖር በቅድሚያ የሚንኳኳው የእሱ በር ነው። ስለዚህ የዚህች መኪና ጤንነት የባለቤቷ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህች መኪና ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረች። ሳምንት ያደርስ የነበረው ቤንዚን አራት ቀን አልበቃ አለ። ከኋላ የሚቀመጡ ሰዎች ዓይናችን ተቃጠለ፣ ራሳችንን አመመን ማለት አበዙ። ባለቤቱም እንደማንኛችንም ወደ ጋራዥ ወሰዳት። «ጋሼ፣ ካንዴላው ነው» ተባለ፤ አራቱም ካንዴላ ተለወጠ። ሁለት ቀን ደህና ሆና ተመለሰባት። ሌላ ቦታ ሲወስዳት «ጋሼ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል» ተባለ፤ ተገዛ፣ ገባ፣ ለውጥ የለም። ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፑ ነው ተብሎ እሱም ተቀየረ። በመጨረሻ አንዱ «ሞተሩ አልቋል፣ ሌላ ሞተር ግዛ» ብሎ ቁርጡን ነገረው። ሰውዬው ለመሸጥ ደላላ ማነጋገር ጀምሮ ነበር።

አንድ እሑድ ከማኅበሩ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበን ኮፈኑን ከፈትን። በእጃችን የነበረው ኤሌክትሪሲያኖች ቴስተር የሚሉት መልቲሜትር፣ አንድ ቁራጭ ሽቦና ብጫቂ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሁለት ነገር አገኘን። አንደኛው፣ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ሶኬት ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሴንሰሩን ለብቻው ብንለካው ደህና ነው፤ በሶኬቱ በኩል ስንለካው ግን ጥቂት መቶ ኦም ማሳየት ሲገባው ከ3,000 ኦም በላይ ያሳያል። ሁለተኛው፣ ቴርሞስታቱ ከቦታው የለም!

ቴርሞስታቱን ማን አወጣው? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባናል። እኛው ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናዋ በበጋ ስትሞቅ «ይውጣ በለው፣ አገሩ ቆላ ነው፣ ምን ያደርግላታል!» ብለን የመከርነው እኛ ራሳችን ነበርን። መካኒኩም የታዘዘውን አደረገ። እንግዲህ ለዚያ ሁሉ ወጪ መነሻው የእኛ ምክር ነበር። ሶኬቱ ታሽቶ፣ አዲስ ቴርሞስታት ገብቶ የወጣው ገንዘብ፣ ሳያስፈልጉ ከተገዙት ዕቃዎች የአንዱን ዋጋ እንኳ አልደረሰም። ጭሱም ጠፋ።

ይህን ጽሑፍ ለማውጣት የተነሣነው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ቤንዚን የበዛበት ሞተር የሚታከመው ዕቃ በመለዋወጥ ሳይሆን ምክንያቱን ለክቶ በማግኘት ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ቤንዚን በዛበት ማለት ምን ማለት ነው?

ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ አየር ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል እንዲነድ ወደ 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልገዋል። በሊትር ስናስበው፣ በባሕር ጠረፍ ላይ ላለ መኪና አንድ ሊትር ቤንዚን ዘጠኝ ሺህ ሊትር ገደማ አየር ይጠይቃል። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ በሆነችው ቡልቡላ አየሩ ስስ ስለሆነ የሊትሩ ቁጥር ከዚያም ከፍ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቤንዚኑ ከዚህ ልክ ሲበዛ የሚተርፈው በደንብ ሳይነድ ይቀራል፤ ከፊሉ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ ይወጣል፣ ከፊሉ ሲሊንደሩን እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

በቮልስ ዘመን ይህን ልክ የሚጠብቀው ካርቡራቶር ነበር። ካርቡራቶር ዓይንም አእምሮም የለውም፤ ቆላ ላይ የተስተካከለው ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል። ስለዚህ የዚያን ጊዜ መካኒክ ካቻቢቴውን ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ፣ ብሎን እያጠበቀና እያላላ ያስተካክል ነበር። ትልቅ ሙያ ነው፤ አናቃልለውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1967 የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ለቮልስዋገን 1600 ካቀረበ ወዲህ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1976 የኦክስጅን ሴንሰር በቮልቮ ላይ ከገባ በኋላ፣ ሥራው ከብሎን ወደ ኮምፒውተር ዞረ። ዛሬ በየመንገዳችን የምናያቸው አሮጌ የኢንጀክሽን መኪኖች ሁሉ የዚያ ልጆች ናቸው።

ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሩን ለስንት ጊዜ እንደሚከፍት የሚወስነው በሚደርሰው ወሬ ነው። ስንት አየር ገባ? ሞተሩ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል? ሹፌሩ ነዳጅ ረግጧል ወይስ ለቋል? በማርሚታ የሚወጣው ጭስ ውስጥ ኦክስጅን ቀርቷል ወይስ አልቋል? ወሬው ሐሰት ከሆነ ውሳኔውም ስህተት ይሆናል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ብርድ ላይ ነው ብሎ ካመነ፣ ጧት ለማስነሣት የሚሰጠውን ተጨማሪ ቤንዚን ቀኑን ሙሉ ይሰጣል። በአባላችን መኪና ላይ የሆነው ይኸው ነው። መኪናዋ አልታመመችም፤ ውሸት ተነግሯት ነው።

ታዲያ ከየት እንጀምር?

ሹፌሮቻችንም ሆናችሁ በሠፈራችን ጋራዥ ያላችሁ ወጣቶች፣ የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንድትሞክሩት እንመክራለን። ከማይከፈልበት ወደሚከፈልበት የሚሄድ ነው።

1ኛ/ ችግሩ ያ መሆኑን ማረጋገጥ። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካላቆመ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ጧት ጧት ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ነጭ ተን ግን ጤነኛ ነው። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ስባችሁ አሽትቱ፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለና የዘይቱ ልክ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ፣ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ወርዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዘይት ስለሚቀጥን ኩሽኔታ ይበላል፤ ችግሩ እንደተፈታ ወዲያው መለወጥ አለበት።

2ኛ/ ካንዴላ መፍታትና ማንበብ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ። ቡናማ ሲሆን ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። እርጥብና ቅባት ያለው ጥቁር ከሆነ ዘይት ነው። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ምልክት አለ፤ እንዳያልፋችሁ። አራቱም እኩል ከጠቆሩ ጥፋቱ ለአራቱም የጋራ ከሆነ ነገር ነው፤ ማለትም ከሴንሰር ወይም ከቤንዚን ግፊት። አንዱ ብቻ ከጠቆረ ግን ጥፋቱ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ ኢንጀክተሩ ያንጠባጥባል ወይም እሳቱ ደካማ ነው። ይህን ሳያዩ አራት ካንዴላ ለውጦ አሮጌዎቹን መጣል፣ በሽተኛው የተናገረውን ሳይሰሙ እንደማስወጣት ነው።

3ኛ/ መኪናዋን ራሷን መጠየቅ። ብዙዎች ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ካልመጣ ምርመራ የለም ይላሉ። በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ ይህ እውነት አይደለም። በኮፈኑ ሥር ክዳኑ ላይ ዲያግኖሲስ የሚል የተጻፈበት ትንሽ ሳጥን አለ። ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ ቲ.ኢ.1 እና ኢ.1 የሚሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ በሽቦ ታገናኛላችሁ፤ ከዚያም ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ትከፍታላችሁ። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይቆጥርላችኋል። ሳያቋርጥ እኩል እኩል ካበራ የተመዘገበ ጥፋት የለም። ሁለቴ በርቶ፣ ትንሽ ዐርፎ፣ ደግሞ ሁለቴ ከበራ 22 ማለት ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር መስመር። 21 የኦክስጅን ሴንሰር መስመር ነው። 31 የአየር መለኪያው መስመር ነው። 26 ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ሽቦ አትክተቱ፤ ኮምፒውተሩን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ።

«መስመር» ያልነው በምክንያት ነው። ቁጥሩ ሴንሰሩ ሞቷል አይልም። ሴንሰሩ፣ ሶኬቱ ወይም ሽቦው አንዱ ጋ ችግር አለ ነው የሚለው። ቁጥር ስላልወጣም ሁሉ ሰላም ነው ማለት አይቻልም። የአባላችን መኪና ምንም ቁጥር አላወጣችም ነበር፤ ምክንያቱም 3,000 ኦም ለኮምፒውተሩ የማይታመን ነገር አይደለም፤ ቀዝቃዛ ጧት ያለ ሞተር ነው የሚመስለው።

4ኛ/ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎችን በዓይንና በእጅ መፈተሽ። በብዙ አሮጌ መኪኖች የአየሩ መጠን የሚታወቀው ከሞተሩ ወደ አንድ ሴንሰር በሚሄድ ቀጭን ቱቦ ነው። ያ ቱቦ በእኛ አገር ፀሐይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል ወይም ይወልቃል። ያን ጊዜ ሴንሰሩ የሚያየው የውጭውን አየር ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሹፌሩ እስከ መጨረሻው ረግጧል ብሎ ቤንዚን ይለቃል። መፍትሔው የአንድ ክንድ ጎማ ነው።

5ኛ/ ሙቀቱን መለካት። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ በአብዛኞቹ ቶዮታዎች ላይ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ያሳያል። ጧት ሳይነሣ አንድ ጊዜ፣ ሞቆ አንድ ጊዜ ለኩት። ሴንሰሩንም ሶኬቱንም ለየብቻ ለኩ። ቴርሞስታቱ መኖሩን አረጋግጡ። ቴርሞስታት በድስት ውሃ ውስጥ ተጥዶ ሊፈተን ይችላል፤ የብዙዎቹ ቶዮታዎች በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። በቡልቡላ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት ካልጀመረ ሞቷል።

ስለ ቴርሞስታት አንድ ነገር እንጨምር። «ቆላ ስለሆነ አያስፈልግም» የሚለው አባባል በየጋራዡ ሥር ሰዷል። ነገር ግን ሞተር የሚሞቀው ቴርሞስታት ስላለው አይደለም፤ ራዲያተሩ ስለተደፈነ፣ ክዳኑ ግፊት ስለማይዝ ወይም ማራገቢያው ስለማይሠራ ነው። ቴርሞስታቱን ማውጣት ሕመሙን መደበቅ ነው። መኪናው አስፋልት ላይ ሲፈጥን ነፋሱ ሞተሩን ከልክ በላይ ያቀዘቅዘዋል፤ ኮምፒውተሩም ብርድ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ!

6ኛ/ እሳቱንና የማርሚታውን መስመር ማየት። ይህ ብዙ ሰው የሚያታልል ነው። አንድ ካንዴላ እሳት ሲያጣ፣ ያልነደደው ቤንዚንና ያልነደደው ኦክስጅን አብረው ወደ ማርሚታ ይሄዳሉ። የኦክስጅን ሴንሰሩ ኦክስጅኑን ብቻ ነው የሚያየው። «ቤንዚን አንሷል» ብሎ ይጮኻል፤ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የማርሚታ ቧንቧ ቢቀደድም እንዲሁ ነው። በዚህ ጊዜ ሴንሰሩን መለወጥ እውነተኛ ምስክርን አባርሮ ሌላ ምስክር እንደመጥራት ይሆናል፤ አዲሱም ያንኑ ይናገራል።

7ኛ/ የቤንዚን ግፊት። በኢንጀክተሮቹ መስመር ጫፍ ላይ የግፊት መቆጣጠሪያ አለ፤ አንድ ቀጭን ቱቦም ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ቱቦውን ንቀሉና አሽትቱ። ቤንዚን ካለበት ውስጡ ያለው ሽፋን ተቀዷል፤ ሞተሩ ቤንዚኑን በዚያ ይጠጣል። ከዚያ በላይ ያለው በግፊት መለኪያ የሚታይ ስለሆነ ለመካኒክ ተዉት። የቤንዚን መስመር ሞተሩ ትኩስ ሆኖ፣ ወይም ሲጋራና የከሰል ምድጃ በአቅራቢያው እያለ ፈጽሞ አይፈታም።

8ኛ/ ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ብቻ የኦክስጅን ሴንሰርና ኢንጀክተር ወደ መጠራጠር እንሂድ። ጤነኛ የኦክስጅን ሴንሰር ሞተሩ ሲሞቅ በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መካከል ቶሎ ቶሎ ይዋልላል። እሱንም ለክቶ እንጂ ገምቶ መግዛት አይገባም።

ስለ አየር ፊልትሮ የሚጠይቁ ይኖራሉ። በካርቡራቶር ዘመን የቆሸሸ ፊልትሮ ቤንዚን ያበዛ ነበር። በኢንጀክሽን መኪና ላይ ግን ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ስለሚሰጥ፣ የቆሸሸ ፊልትሮ በአመዛኙ ጉልበት ነው የሚቀንሰው። ይህን ያልነው ፊልትሮ አትለውጡ ለማለት አይደለም፤ የእኛ አካባቢ አቧራ ሞተር ይበላል። ጥቁር ጭሱን ግን ፊልትሮ ያጠፋዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ሚኒሞ ማስተካከልም እንደዚሁ ነው፤ ድምፁን ያሳምረዋል እንጂ የቤንዚኑን ልክ አያስተካክልም።

በጄሪካን ስለሚሸጠው ቤንዚንም ሳንናገር አናልፍም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን በደንብ አይነድም፤ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ሞተሩንም ያንኳኳዋል። ጭሱ የጀመረው ከእንደዚህ ዓይነት ግዢ ማግሥት ከሆነ፣ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት ታንከሩ ውስጥ ያለውን አስቡ።

ይህ ሁሉ ለምን ያሳስበናል?

አንደኛ፣ ስለ ገንዘብ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚበቃት መኪና 12 ሊትር ብትወስድ፣ ሊትሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 400 ብር ጭስ ሆኖ ይሄዳል ማለት ነው። ያ ገንዘብ ከሹፌሩ ልጆች ጉሮሮ ወይም ከተሳፋሪው ኪስ ነው የሚወጣው።

ሁለተኛ፣ ስለ ነገ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ወደፊት በኤሌክትሪክ የሚሄደው ይበዛል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን እንደ ቡልቡላ ባለ ከተማ ያለው ሰው ነገ ተነሥቶ የኤሌክትሪክ መኪና አይገዛም። ያሉን አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል። እንግዲያው መያዝ እንወቅባቸው።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ስለ ነፍስ። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይተፋል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት የተኛን ሰው የሚገድለው እሱ ነው። ከደማችን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣመራል። የተሳፋሪዎቹን ራስ ያመመው ምን እንደነበረ አሁን ይገባችኋል። ማርሚታዋ የተቀደደ፣ ጥቁር ጭስ የምትተፋ መኪና ሌሊት ነፍሰ ጡር ጭና ስትሄድ ምን ይዛ እንደምትሄድ አስቡት። በአስፋልቱ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ይዘው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡ እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናትም ያንኑ ጭስ ነው የሚስቡት። መኪና የሌለውን ሰው ምን አገባው ላለን ወንድማችን መልሳችን ይህ ነው።

«ለመለካት ጊዜ የለም፣ መሣሪያም ውድ ነው» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ጊዜ የለም የሚለውን እንረዳለን፤ ሹፌር ቆሞ «ቶሎ በል!» እያለ መለካት ከባድ ነው። ይህ የእኛ የባለመኪኖቹ ጥፋት ነው። መካኒክ ለመረመረበት ስንከፍል ያመናል፤ ለዕቃ ግን ሳንጠይቅ እንከፍላለን። ብሎን የፈታበትን እንጂ ያሰበበትን አንቆጥርለትም። እንግዲህ መካኒኩም ዕቃ ወደ መቀየር ቢያደላ ምን ይገርማል? መሣሪያ ውድ ነው የሚለውን ግን አንቀበልም። ተራ መልቲሜትር ከአንድ የኦክስጅን ሴንሰር ይረክሳል፤ ሽቦው ደግሞ ከወዳደቀ ነው የሚገኘው።

በሌላ በኩል ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ የገዙ ወጣቶች ቁጥሩን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይወስዱታል። የድሮው መካኒክ በጆሮው ብቻ፣ የዛሬው በቁጥር ብቻ ከሄደ ሁለቱም ይሳሳታሉ። ሽማግሌው ጆሮውን፣ ወጣቱ መሣሪያውን ይዘው አንድ ኮፈን ላይ ቢጎነበሱ ግን የሚያመልጣቸው ጥፋት ጥቂት ነው።

ስለሆነም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

ሀ/ ባለመኪና ሁሉ አንድ ደብተር ይያዝ። ታንከሩን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን ይጻፍ፤ እንደገና ሲሞላ የገባውን ሊትር ለሄደበት ኪሎ ሜትር ያካፍል። ጭሱ ሳይታይ በፊት ደብተሩ ይናገራል።

ለ/ ማንኛውም ዕቃ ከመለወጡ በፊት መካኒኩ ምን ለክቶ ምን እንዳገኘ በአንድ መስመር ይጻፍ። የተለወጠው አሮጌ ዕቃም ለባለቤቱ ይመለስ። ባለቤቱም የምርመራውን ዋጋ ሳያጉረመርም ይክፈል።

ሐ/ ማኅበራችን አንድ ደህና መልቲሜትርና አንድ የቤንዚን ግፊት መለኪያ ይግዛ። እንደ ዕድሩ ድንኳንና ድስት ተመዝግቦ የሚወጣና የሚመለስ ይሁን።

መ/ ቴርሞስታት የወጣባቸው መኪኖች ካሉ ባለቤቶቹ ሳያፍሩ ይናገሩ። እኛ ጥፋታችንን ተናግረናል፤ ማንም አልሳቀብንም።

ያች ኮሮላ ዛሬም በመንገድ ላይ ናት። ደላላው ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ባለቤቷ ቡና አጠጥቶ ሸኘው። ባለፈው ሰሞን ሌሊት በሩ ተንኳኩቶ አንዲት እናት ወደ ዝዋይ ወስዷል፤ በሰላም ደርሳ በሰላም ተገላግላለች። መንገዱን ሁሉ መስኮት ክፈቱ ያለ ሰው አልነበረም።

ሐሳብ ያለው ሰው በጽሑፍ አድርጎ በሰሌዳው ሥር ባለው ሳጥን ይክተትልን። ተሳስተን ከሆነም እንታረማለን።

የሰሌዳው አዘጋጆች
ቡልቡላ